የእግዚአብሔርን ድምፅ ስለ መስማት፤ ከወለተ ጴጥሮስ ሕይወት የሚገኝ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ በጣና ዳር የሚኖር ታንኳ ቀዛፊ ጭነቱን ከመጫኑ አስቀድሞ ጥቂት ቆም ብሎ ነፋሱን ያዳምጣል። የደንገል ታንኳ ቀላል ነውና፥ ነፋሱን ሳያስተውል ወደ ጥልቁ የገባ ሰው በመመለሻው ይጨነቃል። ቀዛፊው የሚሰማው ነፋስ በባሕሩ ዳር ለቆመው ሰው ሁሉ ይነፍሳል፤ ነገር ግን የሌላው ሰው ጆሮ በገበያው ጫጫታና በሸቀጡ አሳብ ስለ ተያዘ፥ የሚያስተውለው ቀዛፊው ብቻ ነው። የእግዚአብሔርም ድምፅ እንዲሁ ነው። ድምፁ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ብዙ ሰዎች ግን እግዚአብሔር ለነቢያት ተናገረ እንጂ ለእነርሱ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተናገረ ያስባሉ። ሌሎችም በሕልም ወይም በብርቱ ምልክት ካልሆነ በቀር ሊሰሙት እንደማይችሉ አድርገው ይጠብቃሉ። ብላቴናው ሳሙኤል በመቅደስ ተኝቶ ሳለ በተጠራ ጊዜ፥ የጠራው ሽማግሌው ዔሊ መስሎት ደጋግሞ ወደ እርሱ እንደ ሮጠ አስብ። በመቅደስ ያደገው ልጅ እንኳ ድምፁን ለይቶ ያወቀው ከተማረ በኋላ ነው። እንግዲህ እግዚአብሔርን መስማት እንደ ማንበብና እንደ መጻፍ በብዙ ቀን ልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። ይህንም በሩቅ አገር ሰው ሕይወት ሳይሆን በዚሁ በጣና ዳር በኖረች በአንዲት ሴት ሕይወት ላሳይህ እወዳለሁ። ስሟ ወለተ ጴጥሮስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ዓመት ከታላላቅ ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷም ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። በወጣትነቷም ከዐፄ ሱስንዮስ ሹማምንት አንዱ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ቤቷ ባለጸጋ ነበረ፤ የሚታዘዟት ብዙዎች፥ የሚያከብሯትም ከዚያ የበዙ ነበሩ። ሦስት ልጆችም ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

እዚህ ላይ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ቆይ። ኀዘን የደረሰበት ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ለማድረግ ይፈተናል። አንዱ እግዚአብሔር ተወኝ ብሎ ጆሮውን መዝጋት ነው። ሁለተኛው የኀዘኑን ትርጉም በአንድ ቀን ለማወቅ መቸኮልና፥ በልቡ የመጣውን አሳብ ሁሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው ማለት ነው። ወለተ ጴጥሮስ በእነዚህ መቃብሮች ፊት የተረዳችው ነገር፥ ይህ ዓለም ልቧን የምታሳርፍበት ቤት እንዳይደለ ነበረ። ስለዚህ ጸሎትንና ጾምን አበዛች፤ ለድኾች ሰጠች፤ ሕይወቷንም ሁሉ ለእግዚአብሔር ለመለየት አሰበች። ይህ አሳብ በልቧ ብዙ ቆይቶ የበሰለ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት የተነሣ አልነበረም።

ባሏ ለዘመቻ በሄደ ጊዜ ቤቷን ትታ ወደ ጣና ገዳማት ሸሸች። በዚህም ሥራ ከጣና ገዳማት መነኮሳት ወገን የሆኑ ሰዎች ረዷት። አሁን የሚሆነውን ተመልከት። መልክአ ክርስቶስ መሸሿን በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ ተሸሽጋለች በተባለችበትም ከተማ ላይ ጭፍራውን ይዞ መጣ። የከተማው ሰዎች ስለ እርሷ ተዘረፉ፥ ቤታቸውም ፈረሰ። የሃይማኖት አባቶችም ወደ ባሏ ተመልሳ ሕዝቡን እንድታድን መከሯት።

ከዚህ የሚከብድ ፈተና ለአማኝ ሰው ጥቂት ነው። እግዚአብሔር ጠርቶኛል ብላ ወጥታለች፤ መመለስ ጥሪውን መካድ ይመስላል። አለመመለስ ግን የማያውቋትን ድኾች በእርሷ ምክንያት ማስጨረስ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ተመለሰች። አንባቢ ሆይ፥ ይህ መመለሷ እግዚአብሔርን የሰማችበት ሰዓት እንደ ነበረ አምናለሁ። ሰው በራሱ አሳብ ሲጠመድ የጎረቤቱ ልቅሶ አይሰማውም፤ የራሱን ጩኸት የእግዚአብሔር ድምፅ አድርጎ ይወስደዋል። በእውነት ከእግዚአብሔር የሰማ ሰው ግን የባልንጀራውን እንባ ረግጦ ወደ ቅድስና ሊሄድ አይችልም። እግዚአብሔር የጠራውን ነገር በጊዜው ራሱ ይከፍተዋልና፥ ለፍቅር ሲባል የዘገየ ጥሪ አይጠፋም።

በርግጥም አልጠፋም። በ1617 ዓመት በንጉሡ ላይ ዐመፅ ተነሥቶ ነበርና፥ በዚያ ጦርነት የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በዚህ ደም እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ተለየችው፤ በሃያ አምስት ዓመቷም መነኰሰች። በመጀመሪያው ጊዜ ስትወጣ ሰዎች ተጎዱ፤ በሁለተኛው ጊዜ ስትወጣ ግን ሕሊናዋ የከለከላት ነገር በግልጥ ታይቶ ነበር። አንድ እርምጃ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በአሳቡ መልካምነት ብቻ ሳይሆን በጊዜውና በመንገዱም ጭምር እንደ ሆነ ከዚህ ተማር።

በጣና ዳር እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኩሲት ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ከታላቅ ቤት የወጣች፥ ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመጣች ነበረች። እነዚህ ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ በፍቅር ኖሩ። ብዙ ጊዜ ሰው ብቻውን ሆኖ የሰማውን ነገር በትክክል መስማቱን የሚያውቀው፥ እግዚአብሔርን ከሚፈራ ወዳጅ ጋር በተነጋገረ ጊዜ ነው። አንተም ሳትፈራ ስሕተትህን የሚነግርህ አንድ ወዳጅ ካለህ፥ ከብዙ ገንዘብ የሚበልጥ ሀብት አለህና እግዚአብሔርን አመስግን።

ያች ብዙ አገልጋዮች የነበሯት ሴት እህል ፈጨች፥ ውኃ ቀዳች፥ እንጨትም ለቀመች። በዚያ ዘመን ይህ የገረድ ሥራ ስለ ነበረ የወይዘሮ ልጅ ልትሠራው የሚያሳፍር ነበር። ወፍጮውን የሚያውቅ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ጉልበትን አጥፎ፥ እህሉ ልም እስኪሆን ድረስ ያንኑ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። ንጉሥ ፊት ቆማ ያልፈራች ሴት ድፍረቷን የተማረችው በዚህ ቦታ ነው ብል አልሳሳትም። በትንሹ ነገር መታዘዝን ያልለመደ ሰው፥ ታላቁ ቀን በመጣ ጊዜ ከየት አምጥቶ ይታዘዛል? አንተ በጽሕፈት ቤት የምትሠራ፥ አንተም በሱቅህ ሚዛን የምትይዝ፥ አንቺም ልጆች የምታሳድጊ፥ የእግዚአብሔር ድምፅ ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ የሚመጣ አድርጋችሁ አትጠብቁ። በሚዛኑ ላይ፥ በመዝገቡ ላይ፥ በእሳቱ ዳር ይናገራል፤ የሚለውም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ እውነት አድርግ፥ ታገሥ፥ ይቅር በል ይላል።

አሁን ወደ ታላቁ ፈተና እንመጣለን። ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋልና ከእስጳንያ በመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ትምህርት ተስበው በ1622 ዓመት የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ከእነዚህ ካህናት ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የአገሩን ቋንቋ ተምሮ በትዕግሥት ያስተማረ ሰው ነበር፤ በዚያው በ1622 ዓመት በጣና ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 ዓመት የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፥ አጽዋማቱና በዓላቱም እንዲለወጡ አዘዘ። ንጉሡም ትእዛዙን በሰይፍ አጸኑት። ከዚህም የተነሣ አገሪቱ በደም ተበከለች።

ወለተ ጴጥሮስ ይህን ትምህርት ከተቃወሙት ብዙ ወይዛዝርት አንዷ ነበረች። ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው መከረች፤ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ እስከ ማስተማር ደረሰች። በ1625 ዓመት በንጉሡ ሸንጎ ፊት አቆሟት። የተወችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ራሱ ሞት እንዳይፈረድባት ንጉሡን ለመነ። ከዚያ በሰሜን ወዳለው ወደ ዋልድባ በረሓ ሄደች። ዝም ግን አላለችም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ተጠራች። ኢየሱሳውያኑ ለብዙ ጊዜ አሳቧን ሊለውጡ ደከሙ፤ ባልሆነላቸውም ጊዜ ንጉሡ በሱዳን ጠረፍ ወዳለችው ወደ ዠበይ ቆላ ለሦስት ዓመት አጋዟት።

ምናልባት አንተ፥ የወንጌል መልእክተኞች ማተሚያ የውጭ አገር መምህራንን የተቃወመች መነኩሲት ሕይወት ስለ ምን ያትማል ትል ይሆናል። ጥያቄህ የተገባ ነው። እኛ በዚያ ዘመን ክርክር ውስጥ ገብተን ልንፈርድ አልተነሣንም፤ ሁሉን ነገር እንደ እርሷ አድርጉ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ወንጌልን የሚያስተምር ሰው ሁሉ፥ አገሬም ሆነ የውጭ ሰው፥ ከዚህ ታሪክ ሊፈራ የሚገባው ነገር አለ። የእግዚአብሔር ድምፅ በልብ የሚሰማ ነውና ሰይፍ ሊያሰማው አይችልም። በሰይፍ ያመነ ሰው የሚሰማው የሰይፉን ድምፅ ብቻ ነው። ፓኤዝ በትዕግሥት የዘራውን ሜንዴዝ በጭካኔ አጠፋው። በቤትህ ሚስትህንና ልጆችህን በቍጣ ወደ ጸሎት የምትጎትት ከሆንህ፥ አንተም ይህን ታሪክ ስለ ራስህ አንብበው።

የነገሩ ፍጻሜ ለሁሉ ተገለጠ። በሰኔ ወር በ1632 ዓመት በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት የንጉሡ ጭፍራ ድል አደረገ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ በብዙ ሺህ የወደቁት የንጉሡ የገዛ ሕዝብ ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስም ይህን ካዩ በኋላ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ንጉሡ ዐሥር ዓመት ያልሰሙትን ድምፅ በሙታን መካከል ቆመው ሰሙት። እግዚአብሔር ለአንተም የሚናገረውን ዛሬ በጸጥታ ስማ፤ በልቅሶ እስኪያሰማህ ድረስ አትጠብቅ።

ስለ ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት የተጻፈው ገድል፥ በዚያ በመከራዋ ዘመን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ተገልጦላት ብዙ ነፍሳትን እንድትጠብቅና ሰባት ማኅበራትን እንድታቆም እንዳዘዛት ይናገራል። ይልቁንም እኔ የማስተውለው ይህን ነው፤ ትእዛዙን የተቀበለችው በደስታ ተቻኩላ አይደለም። እንደማትበቃ ቈጥራ ከሸክሙ ወደ ኋላ አለች። ሙሴም፥ ኤርምያስም እንዲሁ አድርገው ነበር። አንድ ሰው እግዚአብሔር አለቅነትን ሰጠኝ ብሎ በታላቅ ደስታ ቢሮጥ፥ የሰማው የማንን ድምፅ እንደ ሆነ ይመርምር። የእግዚአብሔር ጥሪ የልብን ትዕቢት አያባብልም፤ ብዙ ጊዜም የሚያዘው ሰው ከሚወድደው ተቃራኒ ነው።

የመጀመሪያው ማኅበር በስደቷ በዠበይ ተጀመረ። የቀሩት ስድስቱ በጣና ዙሪያ ናቸው፤ ጫንቋ፥ ምጽሌ፥ ዘጌ፥ ደምቦዛ፥ አፈር ፈረስና ዛቦል ይባላሉ። በእነዚህ ማኅበራት ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ፤ የሚመሯቸውም እርሷ ነበረች። ከታላቅ ቤት የመጣውና ከድኻ ቤት የመጣው አንድ ኑሮ ኖሩ፥ ከአንድ ማዕድም በሉ። አመራሯ ጽኑ ነበረ፤ ገድሏም ጽናቷን አይሸሽግም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በቃል የሰማችውን በምግብ ክፍፍል ላይ መፈጸሟ ነው። በጸሎት ጊዜ ሁላችን ወንድማማች ነን የሚል ሰው፥ በማዕድ ጊዜ የተለየ ድርሻ ከፈለገ፥ ጸሎቱን ራሱ አልሰማውም።

በ1642 ዓመት ለሦስት ወር ታማ በአምሳ ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች፤ በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበሩን ከእርሷ በኋላ የመራች እኅተ ክርስቶስ ነበረች፤ እርሷም በ1649 ዓመት ዐረፈች። በዚያም ዓመት በጣና ምሥራቃዊ ዳር በቆራጣ በወለተ ጴጥሮስ ስም ገዳም ተመሠረተ። ያም ገዳም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ከገዢ ቍጣ የሚሸሹ ሰዎች መጠጊያ ሆነ። አንድ ጊዜ ስለ እርሷ መሸሽ የአንዲት ከተማ ሰዎች ተዘርፈው ነበር፤ ከሞቷ በኋላ ግን በስሟ የተጠራው ስፍራ ለተሰደዱት ጥላ ሆነ። ገድሏንም በ1672 ዓመት ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በግዕዝ ጻፈው።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሕይወት ለዕለት ኑሮህ የሚሆነውን በአጭሩ ልንገርህ።

አንደኛ፥ በቀን ውስጥ ጸጥ የምትልበት ሰዓት ይኑርህ። ባሕር ዳር ዛሬ ታላቅ ከተማ ናት፤ ጫጫታዋም ብዙ ነው። ነገር ግን ሳይነጋ የጣና ውኃ ዝም የሚልበት ሰዓት አለ፤ የአንተም ልብ እንዲህ ያለ ሰዓት ያስፈልገዋል። ሩብ ሰዓትም ቢሆን ብዙ ነው።

ሁለተኛ፥ የተጻፈውን ቃል አንብብ። በወለተ ጴጥሮስ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት በግዕዝ ነበሩና፥ ብዙው ሕዝብ ሲነበቡ ሰምቶ ትርጓሜያቸውን ከመምህራን ይጠብቅ ነበር። በኋላ አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ በግብፅ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824 ዓመት፥ መላውም መጽሐፍ በ1840 ዓመት ታተመ። ዛሬ መጽሐፉ በእጅህ ነው። የታተመውን ቃል ዘግተህ ልዩ ድምፅ ብትጠብቅ፥ ደብዳቤው በኪሱ ሳለ አባቴ አልጻፈልኝም እንደሚል ልጅ ትሆናለህ።

ሦስተኛ፥ በልብህ የመጣውን አሳብ በባልንጀራህ ጥቅም መዝነው። አሳቡ ለአንተ ክብርን፥ ለሌላው ጉዳትን የሚያመጣ ከሆነ ቆም በል፤ አስፈላጊም ከሆነ እንደ ወለተ ጴጥሮስ ከመንገድ ተመለስ።

አራተኛ፥ ከታመነ ወዳጅ ጋር ተማከር። ብቻውን ሰምቶ ብቻውን የሚፈርድ ሰው በቶሎ ይስታል።

አምስተኛ፥ ትናንት የሰማኸውን ዛሬ አድርግ። ተማሪ ሆይ፥ ወደ ፊት ምን እሆናለሁ ብለህ እግዚአብሔርን ትጠይቃለህ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ለተጣላኸው ወንድምህ ታረቀው ያለህን እስካሁን ካላደረግህ፥ ስለ ሩቁ ነገር ለምን ይናገርህ? ከነጋዴው አጉድለህ የያዝኸው ገንዘብ ካለ፥ ለእናትህም ያልላክኸው መልእክት ካለ፥ አስቀድመህ እርሱን ፈጽም። ያላደረግኸው ትእዛዝ ጆሮን ይደፍናል፤ ያደረግኸው ግን ሁለተኛውን ለመስማት ይከፍተዋል።

ስድስተኛ፥ ዋጋ ለመክፈል ተዘጋጅ። ወለተ ጴጥሮስ ቤቷን፥ ክብሯንና አገሯን ከፈለች። ከአንተ የሚጠየቀው ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በጽሕፈት ቤትህ ሐሰተኛ ፊርማ አልፈርምም በማለትህ የሚቀርብህ ሹመት ይሆናል፥ ወይም በሚዛንህ እውነተኛነት የሚጐድል ትርፍ ይሆናል። ድምፁን መስማት የምንፈራው ብዙ ጊዜ ስላልገባን ሳይሆን፥ ምን እንደሚያስከፍለን ስለ ገባን ነው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ይህችን መጽሐፍ አሁን ስትዘጋ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር አትሂድ። ጥቂት ዝም በል። ከሰሞኑ ሥራህ መካከል ልብህን የሚነካው አንድ ነገር አለ፤ ስሙን ታውቀዋለህ። የዘገየ ዕዳ ይሆናል፥ የተነፈገ ይቅርታ ይሆናል፥ ያልተጎበኘ በሽተኛ ይሆናል። ዛሬ ፀሐይ ሳይጠልቅ ተነሥተህ እርሱን አድርግ። የእረኛችን የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ የሚሰማ ጆሮንና የሚታዘዝ ልብን ይስጠን። አሜን።